የሞዴል ሎኮሞቲቭ ጎማ በሞረድ አይታረምም፦ ለቀረበ ምክር የተሰጠ ምላሽ

የሞዴል ሎኮሞቲቭን ጎማ ወደ እውነተኛው መጠን ስለማቅረብ የወጣ አንድ ጽሑፍ በጀማሪዎች ዘንድ በሰፊው እየተነበበ ነው። መነሻው ትክክል ነው፦ በኤች ኦ፣ ማለትም በ1 ለ 87.1 መጠን፣ ፋብሪካ የሚያወጣቸው ጎማዎች ወፍራሞች ናቸው። ጎማውን ከሐዲዱ ውስጠኛ ጎን የሚይዘው ጠርዝም፣ ማለትም ፍላንጁ፣ ከልክ በላይ ረጅም ነው። ችግሩ ያለው መፍትሔው ላይ ነው። ጸሐፊው የሐዲዱ ስፋት ራሱ ስለተሳሳተ ፍጹምነት አይጠበቅም ይላሉ። ሎኮሞቲቩን ገልብጠን ሞተሩን እያስኬድን ፍላንጁን በሞረድ እንድንቀንስ፣ ከዚያ የሁለቱን ጎማዎች የጀርባ ርቀት፣ ማለትም በግራና በቀኝ ጎማ ውስጠኛ ፊቶች መካከል ያለውን ርቀት፣ በቀጥታ ወደ 15.6 ሚሜ እንድናሰፋ ይመክራሉ። እንዲህ የቀጠነ ጎማ በየትኛውም መቀየሪያ፣ ማለትም ባቡሩን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ በሚያዞረው የሐዲድ ክፍል፣ ያልፋል፤ ከሐዲድ ከወጣ ክብደት መጨመር ነው፤ ጎማው በዲያሜትር ቢያንስም አይታይም ባይ ናቸው። በመጨረሻም ምንም ባይደረግ የጎማውን ፊት ማጥቆር ብቻውን ብዙ እንደሚጠቅም ጽፈዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ልክ ነው፣ አንዱ በከፊል ልክ ነው፤ የቀሩት ግን ሰው የገዛውን ሎኮሞቲቭ እስከወዲያኛው ሊያበላሹበት ይችላሉ።

ልክ ከሆነው እንጀምር። የሚያብረቀርቅ የጎማ ጠርዝ ዓይንን ይስባል፣ ወርዱንም አጉልቶ ያሳያል። ፊቱ ሲጠቁር ጎማው ጥላ ውስጥ ይገባና ቀጭን ይመስላል። ማጥቆሪያው ፈሳሽ በቀጭን ብሩሽ በፊቱ ላይ ብቻ ይቀባል። መርገጫው፣ ማለትም ሐዲዱ ላይ የሚንከባለለው ገጽ፣ እና ማስተላለፊያው ሽቦ የሚነካው የጎማው ጀርባ ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ኤሌክትሪክ አይተላለፍም። ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን፣ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ስለ ሐዲድ ስፋት የተባለው ግን በኤች ኦ ላይ አይሠራም። እውነተኛው 1435 ሚሜ ለ87.1 ሲካፈል 16.48 ሚሜ ይሆናል፤ የሞዴሉ ሐዲድ 16.5 ነው። የሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ስሕተት አይባልም። ጸሐፊው ያሰቡት ደብል ኦ የሚባለውን የእንግሊዝ የሞዴል መጠን ሳይሆን አይቀርም። እዚያ አካሉ በ1 ለ 76.2 ተሠርቶ በዚያው በ16.5 ሚሜ ሐዲድ ላይ ይቆማል፤ ይህም በእውነተኛው ዓለም 1257 ሚሜ ገደማ ማለት ነው። ያን የሚያርም ጎማ የለም፤ ሐዲዱን ኢ ኤም ወደሚባለው 18.2 ሚሜ ወይም ፒ ፎር ወደሚባለው 18.83 ሚሜ ልክ መለወጥ ግድ ይላል። ለእኛ አገር ሐዲድ የሚጨነቅ ሰው ካለ ደግሞ ልዩነቱን ይወቅ። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ባለ 1000 ሚሜ ስለነበር በኤች ኦ 11.48 ሚሜ ይወጣዋል፤ በገበያ ያለው የሜትር ሐዲድ ሞዴል 12 ሚሜ ነው። አዲሱ መስመር ግን 1435 ስለሆነ 16.5 ልኩ ነው።

እንግዲህ በኤች ኦ የተሳሳተው ሐዲዱ ሳይሆን ጎማው ነው። በአውሮፓ የተለመደው የእውነተኛ ጎማ ወርድ 135 ሚሜ፣ የፍላንጁ ቁመት 28 ሚሜ፣ የሁለቱ ጎማዎች የጀርባ ርቀት 1360 ሚሜ ነው። በ87.1 ሲካፈሉ 1.55፣ 0.32 እና 15.6 ሚሜ ይሆናሉ። የተለመደው የሞዴል ጎማ ግን፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር አርፒ 25 ብሎ ባወጣው ቅርጽ መሠረት፣ ወርዱ 2.79፣ የፍላንጁ ቁመት 0.64፣ የፍላንጁ ውፍረት 0.76፣ የጀርባ ርቀቱ ደግሞ 14.4 ሚሜ ገደማ ነው። በቆዩ የአውሮፓ ሞዴሎች ላይ ፍላንጁ 1.2 ሚሜ ይደርሳል፤ ይህ ቁመት ዝቅ ባለ ሐዲድ ላይ የሐዲዱን የምስማር ቅርጽ እየመታ ይንኳኳል። ስለዚህ ፍላንጅን መቀነስ ለመልክ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሞረዱ። ሎኮሞቲቩ ተገልብጦ ሞተሩ እየዞረ ጎማ ሲሞረድ አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ፣ በማረፊያው ውስጥ ልል ነው፤ በሞረዱ ግፊት አንድ ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል። ፍላንጁ በአንድ በኩል በብዛት፣ በሌላ በኩል በጥቂቱ ይበላና እንቁላል ይመስላል። ሌላው ከዚህ የባሰ ነው። ሞረድ የፍላንጁን ጫፍ ጠፍጣፋ አድርጎ ሹል ጠርዝ ይተውበታል። ጤናማ ፍላንጅ ጫፉ ክብ ነው፣ ከመርገጫው ጋር የሚገናኝበትም ማዕዘን ጎድጎድ ያለ ክብ ነው። ሹሉ ጠርዝ የመቀየሪያውን ምላስ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሰውን ሹል ሐዲድ፣ እንደ ቢላ እየፈለቀቀ ይወጣበታል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ በመቀየሪያው ላይ ይለጠፋል። ብናኙም ቀላል ነገር አይደለም። የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ ማግኔት ተስቦ ይገባና አርሜቸሩን እየፋቀ ይቆያል፣ ጥርሶቹ ውስጥም ከቅባት ጋር ተለውሶ እንደ መሞረጃ ሊጥ ይሠራል። በናስ ላይ የተለበጠው ኒኬል ከተፋቀ መርገጫው ቶሎ ይቆሽሻል። ጎማውን ከአክስሉ የሚለየው የፕላስቲክ ቀለበት ሲሞቅ ለስልሶ ጎማው ከቦታው ይንሸራተታል።

ትክክለኛው መንገድ አክስሉን ከነጎማው አውጥቶ በቶርኖ መቁረጥ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በካሊፐር አራት ነገር ይለካል፦ የጎማው ወርድ፣ የመርገጫው ዲያሜትር፣ በፍላንጁ ጫፍ ላይ ያለው ዲያሜትር፣ የጀርባ ርቀቱ። ከፍላንጁ ዲያሜትር የመርገጫው ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል የፍላንጁን ቁመት ይሰጣል። አክስሉ በኮሌት፣ ማለትም ዙሪያውን እኩል በሚጨብጥ ክብ መያዣ፣ ይያዛል፤ ሦስት ጥርስ ያለው መያዣ ለዚህ ሥራ መሐል አያወጣም። ጎማው ሲዞር በዳያል ጌጅ፣ ማለትም ትንሽ መወዛወዝን በሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ፣ ይታያል፤ ከ0.03 ሚሜ በላይ ከተወዛወዘ ቆም ብሎ ማስተካከል እንጂ መቁረጥ አይገባም። በአክስሉ ብቻ ተይዞ ሲቆረጥ ጎማው በፕላስቲክ ቀለበቱ ላይ ሊዞር ስለሚችል ከወዲያኛው ጫፍ ድጋፍ ይደረግለታል።

ወርዱ የሚቀነሰው ከውጭ ፊቱ ነው፤ ከጀርባው ከተቆረጠ ፍላንጁ ይሳሳል፣ የጀርባ ርቀቱም ይለወጣል። ከ2.79 ወደ 2.24 ሚሜ ለማምጣት 0.55 ሚሜ ይነሳል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ0.1 በ0.1 እየተላጠ። የጎማው መሐል ፕላስቲክ ከሆነ ዙሪያው ሲቀንስ ስፖኮቹ ወደ ውጭ ተርፈው እንዳይቀሩ አስቀድሞ ይታይ። የላስቲክ ቀለበት ያለበት ጎማ ላይ ከቀለበቱ ቦይ ውጭ የሚተርፈው ብረት ከ0.3 ሚሜ የሚያንስ ከሆነ ያ ጎማ አይነካ፤ ወይ ባይነካ ይሻላል፣ ወይ ቦይ በሌለው ይለወጥ። ፍላንጁ የሚቆረጠው ግን የጎማውን ሙሉ ቅርጽ በያዘ፣ ሃይ ስፒድ ከሚባለው ጠንካራ ብረት በተሠራ ቢላ ነው። ቢላው በአንድ ጊዜ የፍላንጁን ጫፍ፣ የማዕዘኑን ክብና የ3 ዲግሪ ዝንባሌ ያለውን መርገጫ ያወጣል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቢላ በፍጥነት ከተሠራበት ይንቀጠቀጥና ገጹን ያበላሻል፤ ለ10 ሚሜ ጎማ በደቂቃ ከ200 እስከ 300 ዙር ይበቃል፣ ቢላውም በ0.05 ሚሜ ደረጃ ነው የሚገባው። ማለስለሻው በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ማዕዘኑን እንዳይበላው በጣት ሳይሆን በእንጨት ተይዞ።

በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ሥራው ይከብዳል። በማያያዣ ዘንግ የተጣመሩት ጎማዎች፣ ዘንጉ የሚታሰርባቸው ነጥቦች ግራና ቀኝ በ90 ዲግሪ እንዲዛነፉ ሆነው የተተከሉ ናቸው። ጎማ ከአክስሉ ከወጣ ሲመለስ ይህ ማዕዘን በሁሉም አክስሎች ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሁሉም 89 ቢሆኑ ይሄዳል፤ አንዱ 90 ሌላው 88 ከሆነ ግን ማያያዣ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ይነክሳል። ስለዚህ ማስተካከያ መያዣ የሌለው ሰው ጎማውን ከአክስሉ ባያወጣ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ መመለስ ያለበት የጀርባ ርቀቱ ጉዳይ ነው፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ነው። 15.6 ሚሜ ከእውነተኛው የተወሰደ ልክ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን 0.76 ሚሜ ፍላንጅ ያላቸው ሁለት ጎማዎች በ15.6 ርቀት ከተተከሉ ከፍላንጅ ፊት እስከ ፍላንጅ ፊት 17.12 ሚሜ ይሆናል። በ16.5 ሚሜ ሐዲድ መካከል አይገቡም፤ ቀጥ ባለ መስመር ላይ እንኳን ሐዲዱ ላይ ተንጠልጥለው ይቆማሉ። ፍላንጁ ወደ 0.4 ከሳሳ አጠቃላዩ 16.4 ይሆንና ቀጥ ያለው መስመር ላይ ይሄዳል። ሰውም እዚህ ላይ ተሳካ ብሎ ይደሰታል። ከዚያ መቀየሪያው ይመጣል።

መቀየሪያ ውስጥ ሁለት ሐዲዶች የሚሻገሩበት ሹል አፍንጫ አለ። ጎማው ያን አፍንጫ እንዳይመታ የሚጠብቀው በወዲያኛው በኩል ያለው ጠባቂ ሐዲድ ነው፤ የተቃራኒውን ጎማ ጀርባ ይዞ አክስሉን ወደ ራሱ ይስባል። በተለመደው መቀየሪያ በጠባቂው ሐዲድና በዋናው ሐዲድ መካከል ያለው ቦይ 1.27 ሚሜ ገደማ ነው። ከ16.5 ሲቀነስ 15.23 ይቀራል። የጀርባ ርቀትና የአንድ ፍላንጅ ውፍረት ሲደመሩ ከዚህ መብለጥ የለባቸውም። መደበኛው ጎማ 14.4 ሲደመር 0.76፣ 15.16 ነው፤ በ0.07 ሚሜ ያመልጣል። ጸሐፊው ያዘዙት ጎማ 15.6 ሲደመር 0.4፣ 16.0 ነው። አፍንጫውን በ0.77 ሚሜ ይመታል፤ ጠባቂው ሐዲድ ጀርባውን ሳይነካው ማለት ነው። የሎኮሞቲቩ ፊት በዚያች ቅጽበት ዘለል ሲል ይታያል፣ ከዚያ አንድ ጎማ በተሳሳተው ቦይ ይሄዳል።

15.6 የሚሠራው ቦዩ ራሱ 0.5 ሚሜ ሆኖ በተሠራ መቀየሪያ ላይ ነው። ፕሮቶ 87 የሚባለው አሠራር ይህ ነው፤ 16.5 ሲቀነስ 0.5፣ 16.0 ይሆንና ከ0.37 ሚሜ ፍላንጅ ጋር ሒሳቡ ይገጥማል። ያን የመረጠ ሰው መቀየሪያዎቹን በሙሉ በእጁ ሊሠራ ወይም ለዚያ ልክ የተሠሩትን ሊገዛ ተስማምቷል ማለት ነው። የተገዛ ተራ ሐዲድ ይዞ የሚሠራ ሰው ግን 14.4ን አይንካ።

ይህን ስል ተስፋ አስቆርጬ አይደለም፤ ጸሐፊው ያላዩት አንድ ደስ የሚል ሒሳብ አለ። ጎማው ሰፊ የሚመስለው ከፊት ወደ ፊት ባለው ጠቅላላ ልክ ነው። በመደበኛው 14.4 ሲደመር ሁለት ጊዜ 2.79፣ 20 ሚሜ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እውነተኛው 1630 ሚሜ፣ ማለትም 18.7 ነው። የቦጊው፣ ማለትም ከሎኮሞቲቩ ሥር አክስሎቹን የሚይዘው ክፈፍ፣ ጎኖች፣ በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ሲሊንደሮቹና ዘንጎቹ፣ ወደ ውጭ ተገፍተው የሚታዩት በዚህ የተነሳ ነው። ወርዱን ብቻ ወደ 2.24 ካመጣንና የጀርባ ርቀቱን በ14.4 ከተውን ጠቅላላው 18.88 ይሆናል። ከእውነተኛው ጋር ያለው ልዩነት ከሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የቦጊውን ጎኖችም ከውስጥ እየላጡ ወደ ልካቸው ማስጠጋት ይቻላል። በኔ ግምት ለአብዛኛው ሰው መቆሚያው እዚህ ነው። ይህ ወርድ ያላቸው ጎማዎች ኮድ 88 በሚል ስም ተዘጋጅተውም ይሸጣሉ፤ በተለይ ለሠረገላ ቶርኖ አያስፈልግም፤ ሲገዙ ከአክስሉ ሹል ጫፍ እስከ ሹል ጫፍ ያለውን ርዝመት ለክቶ መሄድ በቂ ነው።

የቀጠነ ጎማ በየትኛውም መቀየሪያ ያልፋል የተባለው ግን በዚህም ልክ ቢሆን አይቀበሉት። ጎማው አፍንጫው ጋ ያለውን ክፍተት ሲሻገር የሚደግፈው ከጎኑ ያለው ክንፍ ሐዲድ ነው። መደበኛው ጎማ ከፍላንጁ ውጭ 2.03 ሚሜ መርገጫ አለው፤ 1.27 ሚሜ ቦይ ተሻግሮ 0.76 ሚሜ ያህሉ ሐዲድ ላይ ያርፋል። የ2.24ቱ ጎማ መርገጫ 1.48 ነው፤ የሚያርፈው 0.21 ብቻ። ቦዩ ትንሽ ሰፋ ካለ ጎማው ወርዶ ቀጭ ይላል። ሁለት መላ አለ። አንደኛው የቦዩን ወለል በፕላስቲክ ሞልቶ 0.65 ሚሜ ጥልቀት ብቻ መተው ነው፤ ጎማው በፍላንጁ ጫፍ እየተንከባለለ ያልፋል። መግቢያና መውጫው ተዳፋት ይሁን፤ 1.2 ሚሜ ፍላንጅ ያላቸው የቀሩ ሠረገላዎች ግን እዚያ ላይ እንደሚዘሉ ይታወቅ። ሁለተኛው በክንፉ ሐዲድ ጎን 0.25 ሚሜ ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቁራጭ በሱፐር ግሉ መለጠፍ ነው። በክንፉ ብቻ! በጠባቂው ሐዲድም ላይ ከተለጠፈ ሁለቱም ቦዮች 1.02 ይሆኑና በመካከላቸው ያለው 14.46 ሚሜ ይሆናል፤ 14.4 የጀርባ ርቀት ያለው አክስል እዚያ ይጣበቅና ወደ ላይ ይወጣል።

ከሐዲድ ከወጣ ክብደት ይጨመር የሚለውን በተመለከተ፣ 80 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በትክክለኛው ስሌት ወደ ኤች ኦ ሲወርድ 121 ግራም ነው የሚሆነው፤ ምክንያቱም ክብደት የሚቀንሰው በ87.1 ኩብ ነው። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ሞዴል ብዙውን ጊዜ 300 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ክብደት ቀድሞም አለ። ቀላል ሠረገላ ላይ መጨመሩ ግን ይጠቅማል፤ የአሜሪካው ማኅበር የሚመክረው 28 ግራም መነሻ ሆኖ ለየ2.54 ሴንቲ ሜትሩ ርዝመት 14 ግራም ነው፣ ለ15 ሴንቲ ሜትር ሠረገላ 110 ግራም ገደማ።

ባቡርን ሐዲድ ላይ የሚያቆየው በመጀመሪያ የመርገጫው ዝንባሌ ነው። አክስሉ ወደ አንድ ጎን ሲጠጋ በዚያ በኩል ያለው ጎማ በሰፊው ዲያሜትሩ፣ ሌላው በጠባቡ ይንከባለልና አክስሉ ራሱን ወደ መሐል ይመልሳል። ፍላንጁ የመጨረሻው ጠባቂ ነው። ለማየት የፈለገ አንድ አክስል ብቻውን ተዳፋት ባለው ሐዲድ ላይ ይልቀቀው፤ በሞረድ መርገጫው ቀጥ የተደረገው እየተንጋደደ ጎኑን እየፋቀ ይወርዳል። ጎማ ከሐዲድ የሚወጣበት ሁለተኛው ምክንያት የሐዲዱ መጣመም፣ ማለትም አንዱ ሐዲድ ከሌላው ዝቅ ማለቱ ነው። 2500 ሚሜ የአክስል ርቀት ያለው ቦጊ በሞዴል 28.7 ሚሜ ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ አንድ ጥግ በ0.3 ሚሜ ከወረደ ግትር ቦጊ አንዱን ጎማ አየር ላይ ያንጠለጥላል። ፍላንጁ 0.64 ከሆነ ግማሹ ገና ከሐዲዱ በታች ነው፤ 0.32 ከሆነ ምንም አልቀረም። ከ0.4 በታች ለሚወርድ ሰው የሚያስፈልገው ሞላ እንጂ እርሳስ አይደለም። አክስሉ በማረፊያው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች 0.3 ሚሜ ያህል እንዲንቀሳቀስ ቀዳዳው በቁመቱ ይሞረድና ከላይ በቀጭን የብረት ክር ይደገፋል። የጊታር የመጀመሪያ ክር፣ 0.25 ሚሜ የሆነው፣ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

የቀረው የዲያሜትር ነገር ነው። እዚህ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ብዙ የጀርመን ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች አዲስ ሲሆኑ ጎማቸው 1250 ሚሜ ነው፤ እየተቆረጠ 1170 እስኪደርስ ይሠራበታል። በሞዴል ይህ 0.9 ሚሜ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ ያረጀ ጎማ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በአንድ ሞተር የሚዞሩት ሁሉ ግን እኩል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይንሸራተታል። የመጋጠሚያው ከፍታም በሚቀንሰው ዲያሜትር ግማሽ እንደሚወርድ አይረሳ።

ነገር ግን ፋብሪካዎች ጎማ የሚያሳንሱት ብዙ ጊዜ በፍላንጁ ተገደው ስለሆነ፣ ፍላንጁን የሚያርም ሰው ዲያሜትሩንም መመለስ ይችላል። ዩኒየን ፓሲፊክ ከ1941 እስከ 1944 ያስገባቸውን የቢግ ቦይ ሎኮሞቲቮች እንውሰድ። ጎማቸው 1727 ሚሜ፣ በተከታታይ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 1854 ሚሜ ነው። በኤች ኦ 19.83 እና 21.29 ይሆናል። 1.2 ሚሜ ፍላንጅ ከተደረገላቸው ጎማው እስከ ፍላንጁ ጫፍ 22.23 ነው፤ አጠገቡ ካለው ጋር አንድ ላይ አይቆምም፤ ወይ ጎማው ያንሳል ወይ አክስሎቹ ይራራቃሉ። በ0.64 ፍላንጅ 21.11 ይሆንና 0.18 ሚሜ ክፍተት ይገኛል፤ ጠባብ ነው፣ ግን ሙሉ መጠን ያለው ጎማ ይዞ ይሄዳል። ከላይ በተጠቀሰው የ0.32 ፍላንጅ ልክ ደግሞ ክፍተቱ 0.82 ሚሜ ገደማ ነው፤ በፎቶግራፍ ላይ በጎማዎቹ መካከል የሚታየው ቀጭን ብርሃን እሱ ነው።

ሊጀምር ለተዘጋጀ ሰው፣ ከሎኮሞቲቩ በፊት ሞተር የሌለውን አንድ የሠረገላ አክስል ይቁረጥ። ጀርባውን በ14.4 ይለካ፣ ከዚያ በጣቱ እየገፋ ባለው መቀየሪያ ሁሉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በዝግታ ያሳልፈው። አፍንጫው ጋ ሲደርስ ጣቱ ላይ መንኳኳት ከተሰማው ጎማው ወርዷል፤ ወደ ጎን መገፋት ከተሰማው ጀርባው ጠቧል ወይም ሰፍቷል። ካሊፐሩን አንስቶ የትኛው እንደሆነ ሳያይ ሁለተኛውን አክስል ቶርኖ ላይ አያስር።